ተሞርዶ የተመታ ቁጥር

ደንበኛዬ አሮጌ የሞተር ሳይክል ሞተር ግቢያችን ድረስ ተሸክሞ አመጣና፣ «የ1965 ነው ብለው ሸጡልኝ» አለኝ። የተመታበትን ቁጥር በጨርቅ ወልውዬ ጣቴን አሳለፍኩበት።

«ጉድ ሠርተውሃል! ዓመቱን የሚናገረው ፊደል ተሞርዶ ሌላ ተመትቶበታል። ቦታው ጎድጉዷል፤ እስቲ ዳስሰው!»

ሰውየው ሞተሩን ተሸክሞ እየተራገመ ወጣ። ባለቤቴ ዘምዘም ግራሶ የነካውን እጄን ልታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ውሃውን ስታፈስልኝ እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸና፣ ስንወለድ ለሁላችንም አንጓችን ላይ የሚመታው የመሞቻ ዓመት ታየ። የእሷን ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ 2180 ነው።

አሁን ግን 2160 ይላል።

ጣቴን አሳለፍኩበት። ጎድጉዷል።

የእኔ መሞቻ ዓመት አምና፣ 2140 ነበር። ለመሞት ስሰናዳ፣ «ቁጥርህ በስህተት ነው የተመታው፤ ሐኪሞቹ ያርሙታል» ብላ ይዛኝ የሄደችው እሷ ናት። 2160 ብለው መቱልኝ። የሰውን ሁሉ ማጭበርበር የምይዘው ሰውዬ የራሴን አንጓ አንድ ቀን እንኳ ዳስሼ አላውቅም! ዕድሜ ለሌላ ሰው ማካፈል እንደተጀመረ ሰምቼ ነበር፤ የሚያደርገው ሞኝ ግን ያለ አልመሰለኝም።

«ሃያ ዓመትሽን!» ብዬ ጮኽኩባት። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችኝ። ማንቆርቆሪያውን ግን አላቃናችም። «ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ ማንን ላስታጥብ ኖሯል?»