ከኋላ አርባ ሰባት፣ ከፊት አርባ

ተስኒም የቀረበላትን ቀይ ወንበር በእጇ ገፋ አድርጋ የሰፊው የረሻድ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም አልቀረው።

የልብስ ስፌት ቤቱ ባለቤት ሃፍቶም ግራ ተጋብቶ አያት። አንድ ሆቴል ለመቶ ሰማንያ ሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ሊያሰፋ ፈልጎ የላካት ልጅ ናት። ጨርቁን ትዳስሳለች፣ ስፌቱን ገልብጣ ታያለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ የሠራተኛ መቀመጫ ላይ ተጎልታ ከስፌት መኪናው ጋር ትተያያለች።

«ድሮም እንዲህ አጭር ነበር?» አለች።

«አንድ ስንዝር አስቆርጬዋለሁ» አለ ሃፍቶም፣ ሳያፍር። «ሠራተኛ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓይኑ መስኮት ላይ ነው። የፒያሳን መንገደኛ ሲቆጥር ይውላል።»

ከኋላዋ ቆሞ ክር የሚለቅመው ረሻድ ፈገግ አለ። እዚያ በርጩማ ላይ መስፋት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ስፌትዎ ቆንጆ ነው፣ እንከን አይወጣለትም» አለች ተስኒም። «ግን መጀመሪያ መደገፊያ ያለው ወንበር ይግባላቸው፤ ጠረጴዛውም ከፍ ይበል። ሆቴላችን ሠራተኛ በሚጎዳበት ቤት አያሰፋም።»

«ሠራተኛ በሚጎዳበት» የምትለዋ ነገር ሃፍቶምን ከነከነችው። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ስለሆነ፣ ወረቀት የታቀፈ ሁሉ በዚያች በር እየገባ ሲያስተምረው ነው የኖረው። ስለ መቀስ አያያዝ ያስተማረው ግን አንድም የለም።

«ስሚኝ እህቴ። እኔ አራዳ ውስጥ አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ፤ በወረቀት አልሸወድም። እኔ ያደግኩት ከዚህም በባሰው ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። ሙያ ያስተማረው ሰውዬ የሚያስቀምጠው የዘይት ቆርቆሮ ላይ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንድ ቀን ወባ ተነስቶበት ሲንዘፈዘፍ የደንበኛ ወንበር ላይ ቢያርፍ፣ ሰውዬው ቤት ሙሉ ሰው ፊት ጆሮውን ጠምዝዞ አስነሳው። «ወንበር የደንበኛ ነው» አለው። ያኔ የሳቁትን ሰዎች ሃፍቶም እስከ ዛሬ በስማቸው ያውቃቸዋል። የራሱን ቤት ሲከፍት፣ ከስፌት መኪናው በፊት የገዛው ቀይ ከፈይ የለበሱ ሦስት ወንበሮችን ነው። ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። አንድም ሠራተኛ ተቀምጦባቸው አያውቅም።

«ተጎዳ ያልሽው ሰው ይኸው ቆሟል» አለና ሜትሩን ከአንገቱ ሳበው። «ወሬ ምን ያደርጋል? ሜትር አይዋሽም።»

ከመደርደሪያው የልኬት ደብተሩን አወረደ። በዚያች በር ያለፈ ገላ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። የረሻድም አለ፤ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት የሰርጉን ሱፍ ሲሰፋለት የለካው።

«ይቅር ጋሼ» አለ ረሻድ።

«ምኑ ነው የሚቀረው? ና፣ ቁም።»

የሜትሩን ጫፍ ማጅራቱ ሥር ካለችው አጥንት ላይ ይዞ ጀርባውን ተከትሎ ወረደ፣ እስከ ወገቡ። አርባ ሰባት። ደብተሩን አየ። አርባ ሦስት ይላል።

ሃፍቶም ሳቀ። «ይኸውልሽ! አራት ሴንቲ ጨምሯል። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶት ገና እያደገ ነው፤ አንቺ ተጎዳ ትያለሽ።»

ተስኒም አልሳቀችም። ረሻድም አልሳቀም፤ እሱም ልብስ ሰፊ ነው።

«ከፊትም ይለኩ፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

የሃፍቶም ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። ሜትሩ ገና ሳይዞር ገብቶታል። ከአንገቱ ሥር ደረቱን አልፎ ወገቡ ድረስ ለካው። አርባ። ደብተሩ አርባ አራት ይላል። ቀና በል ብሎት ደገመው። አርባ።

ከኋላ የሚረዝም፣ ከፊት የሚያጥር፣ የጎበጠ ሰው። ይህንን ልኬት ዓይኑን ጨፍኖ ይቆርጠዋል፤ ከአምስት ኪሎ በከዘራ ለሚመጡት፣ ልጆቻቸው ደግፈው ለሚያስገቧቸው ጡረተኞች። ኮቱ ከኋላ እንዳይሰቀል ሲል ከቁጥሩ አጠገብ «ሽማግሌ» ብሎ ይጽፋል። እጁ ከልማድ የተነሳ ሊጽፈው ሄዶ፣ የእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱን ነክቶ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። ሱፉ ከኋላዬ መሰቀል ከጀመረ አራት ዓመት ይሆነዋል። ለኢድ ለብሼው ረይሀና "አባ፣ የማን ልብስ ነው?" አለችኝ።» ልጁ ናት፤ የመጀመሪያዋ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ረሻድን ጥያቄው አስገረመው። «እርስዎ ሰው መንገድ ሲሻገር አይተው ልኬቱን ይናገሩ የለ? ያዩ መስሎኝ።»

የሃፍቶም ያ ድሮ የተጠመዘዘው ጆሮው ጋለ። ተስኒም የመኪናውን ጠረጴዛ ተደግፋ ከበርጩማው ተነሳች፤ ወረቀቷን አጠፈች እንጂ አልጻፈችበትም። ስለ ሆቴሉ ሥራ ማንም አላነሳም።

ሃፍቶም ከሦስቱ ቀይ ወንበሮች አንዱን ጎትቶ መሀል ቤት አቆመው። ከፈዩን በመዳፉ ጠረገው።

«ተቀመጥ።»

«የደንበኛ ነው'ኮ ጋሼ።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ረሻድ ተቀመጠ። ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ሸሸት አለ። ሃፍቶም የሚለካ ይመስል መዳፉን ዘርግቶ በረሻድ ጀርባና በመደገፊያው መካከል ሰደደው። እጁ ከፈዩንም ሸሚዙንም ሳይነካ አለፈ።