ማንም ያልተቀበለው ካፖርት

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እዚህ ካራጋንዳ ከተማ ራውሻን የምትባል እናት የልጇን የቶግዣንን አሥራ ሦስተኛ ልደት ልታደምቅ ሽር ጉድ ትል ነበር። በእኛ ዘንድ አሥራ ሦስተኛው ዓመት ክፉ ነው፤ ልጅ የለበሰውን ለሰው ይሰጥና ክፉው አብሮ ይሄዳል።

የባሏ እህት ኩልያሽ ገና ከበሩ ጀመረች፤ «ፊኛና ዘፈን ምን ያደርግልሻል? መጀመሪያ ካፖርቷን ስጪ።»

«ካፖርቱ አዲስ ነው። አንቺ ካለሽበት ድግሱም ለቅሶ ይሆናል፤ ባትመጪ ይሻላል።»

ራውሻን የልጇን ጓደኛ እናት ልትጋብዝ ደወለች።

«ትንሽ አታፍሩም?» አለቻት ሴትዮዋ። «ልጅሽ ጠዋት ካፖርቷን ይዛ መጥታ አባረርናት። መዓታችሁን እዚያው ያዙ።»

ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እናት ይህንኑ አሏት። ቶግዣን ግን ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ከእናቷ አጠገብ ንቅንቅ ሳትል ፊኛ ስትነፋ ነበር።

«ልጄ፣ የት ሄደሽ ነበር?»

«ሁሉም ቤት» አለች ቶግዣን ፊኛውን እያሰረች። «የሚቀበለኝ ሳጣ ለአንቺ ሰጠሁሽ፣ እማዬ።»

ራውሻን ወደ ራሷ ተመለከተች። የልጇ ካፖርት እስከ አንገቷ ተቆልፎ ልክክ ብሏታል።

አደራ ልጆቼ፣ ራውሻንን አትርሷት።