የአንለይ ሙሾ

ይርገዱ የለቅሶውን ክብ ሰንጥቃ ገባችና የማናዬን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች።

«ልጄ ርብ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ነው። ጎርፍ ወሰደው አትበይኝ። ማን በላው ብለሽ አውርጂልኝ።»

ማናዬ ከወረታ እስከ ጣና ዳር ሰው በሞተበት ሁሉ የምትጠራ ሙሾ አውራጅ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ቸግሯት አያውቅም። ዛሬ ግን ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ማን እንደበላው በዓይኗ አይታለችና።

ከትናንት በስቲያ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ሁለት ሰዎች በእርሻ ድንበር ሲጨቃጨቁ ሰማች። በሸንበቆው መሐል አሾልቃ ብታይ አንዱ የይርገዱ ልጅ አንለይ፣ ሌላው ጎረቤቱ ደረሰ ነበር። ዱላው የተነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ደረሰ ጎንበስ አለና የወደቀውን ሰው ወደ ሞላው ወንዝ ገፋው። ማናዬ እንስራዋን ጥላ ሮጠች። ሬሳው ሲገኝ የመንደሩ ጭቃ ሹም መጥቶ «ውሃ ነው» ብሎ ሄደ። እሷም ዝም አለች።

አሁን ደረሰ ራሱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከወንዶቹ መሐል ወጣ። አብሮ የሚያለቅስ መስሎ አጠገቧ ጎንበስ አለ።

«እትዬ ማናዬ» አላት በጆሮዋ፣ «እንስራዎን ከወንዙ ዳር አግኝቼ ከደጅዎ አኖርሁልዎ።» ይበልጥ ተጠጋት። «ብቻዎን የሚኖሩ ሰው ነዎት። ውሃ በላው ይበሉ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን ለመድቃት እጃቸውን አንስተው ቃሏን ይጠብቃሉ። አፏን ከፈተች።

«ውሃ ነው የበላው ይላሉ ከደጅ…»

ሴቶቹ ተቀበሉ። ደረሰ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚህ ላይ ብታበቃ ሁሉም በደህና ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ይርገዱ ግን ቀና ብላ አየቻት። አልተቆጣችም፤ ልጇ ሁለተኛ የሞተባት መሰለች እንጂ።

ቀሪው ስንኝ ከማናዬ አፍ አምልጦ ወጣ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ ያበቀለ እጅ?»

የተቀበላት ሰው የለም። የተነሳው እጅ ሁሉ በአየር ላይ ቀረ። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የአንለይ አጎት አዛናው ግን ደረሰን ብቻ ነበር የሚያየው። ደረሰ ሁለት እጁን ከጋቢው ሥር ሰበሰበ፤ ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ከለቅሶው ወጣ።

ማናዬ ቃሏን መልሳ ልትውጠው ተመኘች። ይርገዱ ከጎኗ ተቀምጣ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ዛሬ ቤትሽ አትሄጅም» አለቻት። «ከእኔ ጋር ነሽ።»

ሁለቱም ሜዳውን ተመለከቱ። ደረሰ ውሃ የተኛበትን መስክ እየዞረ ሲሄድ ከሩቅ ይታያል። ወደ ራሱ ቤት የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ አልታጠፈም፤ በማናዬ ቤት በኩል ያለውን መንገድ ይዞ ቀጠለ።