ዕቃ የሚወድቅበት ክፍል

በከተማው ሰው የሚይዘው ነገር ሁሉ ክብደት ካጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ሲኒም ሆነ መጽሐፍ የለቀቁት ቦታ አየር ላይ ስለሚቆም በየቤቱ ጠረጴዛ የለም። ዕቃ ሲለቁት የሚወድቀው በሳይንስ ሙዚየሙ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

አስጎብኚዋ ወይዘሮ ዘውድነሽ አንቀልባ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ፌቨን የአራት ወር ልጇን ታቅፋ መጣች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ እንዘላት።»

«አሁን ገና ነው የተኛችው፣ እማማ። ይዣታለሁ እኮ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል።»

ፌቨን ስቃ ገባች። ደፉን እንዳለፈች ክንዷ ዝቅ አለ። ቢሆንም ጎብኚዎች ክብደት እንዲሞክሩበት ወደተሰቀለው መዘውር ሄዳ በአንድ እጇ ገመዱን ሳበች፤ ጫፉ ላይ የታሰረው የድንጋይ ከረጢት ነቅነቅ ብሎ ቀረ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ተጠጉ። ዓይናቸው ልጅቱን ከያዘው ክንድ አልተነሳም፤ ክንዱ ቀስ በቀስ እየወረደ ነው።

«በሁለት እጅ ነው እንዴ የሚሳበው?» አለች ፌቨን። መልስ ሳትጠብቅም፣ ቤቷ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ልጇን አየር ላይ አስቀምጣ ክንዷን አነሳች።

ወይዘሮ ዘውድነሽ በጉልበታቸው ወድቀው፣ ልጅቱ ወለሉን ልትነካ አንድ ስንዝር ሲቀራት በአንቀልባው ቀለቧት። ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች። ፌቨን ግን እጆቿን እያየች ደርቃ ቀረች።

አሮጊቷ አዞሯትና ልጅቱን ጀርባዋ ላይ አጥብቀው አዘሏት። ፌቨን ከክብደቱ ጎንበስ ብላ ወደ በሩ አዘገመች። ደፉን ስትሻገር ክብደቱ ከጀርባዋ ጠፋ። ድንገት ቆመች።

«እማማ» አለች ለመዞር ፈርታ፣ «ልጄ ጀርባዬ ላይ አለች?»