የማን እናት ናት

መተላለፊያው ላይ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ፣ ፎቶዎች ታቅፎ ተቀምጦ ያገኘሁት ባሌን ነው። የሰርጉን ኮት ለብሷል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አክስቱን ሊጠይቅ ሆስፒታል እንደሚሄድ ነበር የነገረኝ። እኔም ጥርሴን አሞኛል፣ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ ብዬዋለሁ።

ሲያየኝ ብድግ አለ። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ግራ ሲገባው መልሶ ተቀመጠ።

«ጥርስሽስ?»

«ተሽሎኛል። አክስትህስ?»

«እሷም ደህና ናት።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። መሳቅ አማረኝ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ሁለታችንም የመጣነው ለአንድ ዓመት የሥራ ቦታና ደሞዝ ለሚሰጥ የቀራፂዎች ድጋፍ ቃለ መጠይቅ ነው። ማስታወቂያውን አብረን ነበር ያነበብነው። ለግለሰብ አርቲስት ብቻ ነው፤ በጋራ የተሠራ ሥራ አይቀርብም ይላል። እኛ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ አንድም ሥራ ለየብቻ ሠርተን አናውቅም። እሱ የሽቦውን አጥንት አስሮ ገላውን በጀሶ ያቆማል፤ ፊትና እጅ የኔ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነች ያለቁትን አልጋ ሥር እናስተኛቸዋለን፤ ጣሪያው ሲያፈስ እነሱን ስናሸሽ እኛ እንበሰብሳለን። ማስታወቂያውን ያነበብን ዕለት «ይቅርብን፣ ለኛ አይሆንም» አለኝ። «ይቅርብን» አልኩት። ተማምነን ተኛን።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

«አንዳችን ካገኘን ለሁለታችን ነው ብዬ ነዋ።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው።»

ሁለታችንም እንደዚያ ማለት የመጣልን እዚያው ወንበሩ ላይ ነው።

«የየትኞቹን ሥራዎች ፎቶ ነው ያመጣሽው?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሁሉንም።»

«የዘበኛውንም?»

«ዘበኛው» ያልነው ሥራ አባቱ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው በር ሲጠብቁ ኖረው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ያረፉት አባቱ። «የሳቸውንም» አልኩት። «አባቴ ናቸው» ብዬ ላስረዳ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ እንደከረምኩ ግን አልነገርኩትም። እኔ አባቴን በመልክ እንኳን አላውቀውም።

ጸሐፊዋ ብቅ ብላ ቁጥሩን ጠራች። ኮቱን እየቆለፈ ገባ። በሩ ግጥም አላለም፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ይሰማኛል። ባሌ ቤት ውስጥ ቃል ከአፉ በጉተታ የሚወጣ ሰው ነው። እዚያ ግን ምላሱ ተፈታ። «ልብስ አጣቢዋ» ያልናትን ሥራ ነበር የሚያስረዳው።

«እናቴ ናት» አለ። «የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ማታ ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሏት የቀሚሷን ቁልፍ የምፈታላት እኔ ነበርኩ።»

የቀሚሷን ቁልፍ የፈታሁላት እኔ ነኝ። ይህን የነገርኩት በተጋባን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈን ሳለ ነው፤ ከሱ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሱ እናት በሕይወት አሉ። የሰው ልብስ ቀርቶ የራሳቸውን መሀረብ አጥበው አያውቁም።

ከክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት ስትናፈጥ ተሰማኝ።

ሲወጣ ፊቴን አላየም። «አንቺን ነው፣ ግቢ» ብሎ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

ዳኞቹ ሦስት ናቸው። መሐል ያሉት ሽበታም ሴትዮ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ሲያለቅስላት ያየሁት ያኔ ነው። ሴትዮዋ የኔን ፎቶዎች ከሱ ፎቶዎች ጎን ደረደሯቸውና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እነዚህ እኮ ያው ናቸው» አሉ። ልብስ አጣቢዋን አነሱ። «አሁን የወጣው ሰውዬ የኔ ሥራ ናት፣ እናቴ ናት ብሎናል። አንቺም የኔ ናት ብለሽ ነው ያመጣሻት። የማን እናት ናት?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። የኔ ናት ካልኩ እሱ ሌባ ሊሆን ነው። አብረን ሠራናት ካልኩ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አንዴ ለሱ አልቅሰዋል።

«የሱ እናት ናት» አልኩ።

«ታዲያ አንቺ ምን ሠራሽ?»

«ረዳት ነኝ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ።»

«ሰውየው ምንሽ ነው?»

«አሠሪዬ ነው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት ዳኛ ሳቁን ለመዋጥ አቀረቀረ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶዎቼን አንድ በአንድ ሰብስበው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የሰው እናት ተሰርቃ አትሠራም። ሂጂ፣ የራስሽን እናት ሥሪ።»

እሺ ብዬ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ቦርሳዬን አንግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ምን አልሻቸው?»

«እናትህ ናት አልኳቸው።»

ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። መጀመሪያ ትከሻው ወረደ፤ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ጥርሱ ብልጭ ሊል ትንሽ ነበር የቀረው። ማፈሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃውን ስንወርድ እጄን ሊይዝ እጁን ዘረጋልኝ። ፎቶዎቹን አቀበልኩት።