ደንበኛ ካውያ አያነሳም

ተቆጣጣሪው ልብስ ተኳሿን የሥራ ፈቃድ ሲጠይቃት የላውንደሪው ባለቤት ቀደማት። «ኧረ እሳቸው ሠራተኛ አይደሉም፣ ደንበኛ ናቸው! ይቀመጡ እንጂ እትዬ» ብሎ ወንበር ሳበላት። ወረቀት እንደሌላት አሳምሮ እያወቀ የቀጠራት እሱ ነው። እዚያ ቤት ከገባች ተቀምጣ አታውቅም።

ተቀመጠች። ካውያው ግን ነጭ ሸሚዝ ላይ እንደተደፋ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ቀጭን ጭስ። እጇ ሊነሳባት ሲል ጭኗ ሥር ወሸቀችው። ደንበኛ ምን ቤት ሆኖ ካውያ ያነሳል? ተቆጣጣሪው ጭሱን ትቶ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

ባለቤቱ ዘወር ሲል ጭሱን አየ። «አንቺ ደንቆሮ! ሸሚዙ እየነደደ ምን ይጎልትሻል? አንሺው!»

ተቆጣጣሪው ራሱ ሄዶ ካውያውን አነሳና ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ዞረ። «ደንበኛዎን እንዲህ ነው የሚያስተናግዱት?»