ያልተጠየቀው ዳኛ

«ለኳስ ብለህ አምስት ልጆች ይዘን ሜዳ ላይ እንውደቅ?» አለች ዶርካስ፣ የባሏን ነጭ ሱሪ ከጀርባዋ ደብቃ።

«ቀስ በይ፣ ሠራተኛዋ ትሰማለች» አለ ቄስ አምብሮዝ ፔንፎልድ።

«ትስማ። አዲሱ ጳጳስ ክሪኬት ሲጫወት የተገኘ ቄስ ደብሩን ይለቃል አላሉም?»

«እሳቸው እኔን የት ያውቁኛል? እኔም አይቻቸው አላውቅ። ደግሞ የምጫወተው በሌላ ስም ነው። ጆንስ ነኝ።»

«እሁድ እሁድ ጣራውን የሚያናውጠው ድምፅህስ? እሱም ስሙን ቀየረ?»

ሱሪውን ነጥቋት ወጣ። ነገሯ ግን ሆዱ ገብቶ ነበር።

ጨዋታው ራቅ ያለ መንደር ነው። ገና ኳሷን ሳይጨብጥ ዐይኑ ከዛፍ ሥር በተቀመጠ ጥቁር ለባሽ ላይ ዐረፈ። የጳጳሱን ትእዛዝ በየደብሩ እየዞረ ያነበበው ጸሐፊያቸው ነበር። ቄሱ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ሳበ።

ሊመታ የቆመው ጠና ያለ፣ ሪዛም ሰው ነው።

«ምነው ወንድሜ፣ ቆብህን እስከ ቅንድብህ ስበሃል። በርዶህ ነው?»

«ትንሽ።»

«በዚህ ፀሐይ?» ሰውየው ሳቀ። «ስሚዝ እባላለሁ።»

«ጆንስ።»

«እንዴታ። ዛሬ ሜዳው በጆንስና በስሚዝ ተሞልቷል።»

ቄሱ ወረወረ። ኳሷ የስሚዝን መምቻ ጠርዝ ለከፍ አድርጋ ከኋላው በቆመው፣ የቄሱ ቡድን በሆነው አንጥረኛ እጅ ገባች። የነካት ኳስ መሬት ሳትደርስ ስለተያዘች ስሚዝ ከጨዋታው መውጣት ነበረበት። ነገር ግን ወርዋሪዎቹ ጮኸው ካልጠየቁት ዳኛው ትንፍሽ አይልም፤ ሕጉ ነው። የአንጥረኛውን ጆሮ ደግሞ የመዶሻው ጩኸት አደንቁሮታል። የኳሷን ድምፅ የሰሙት ወርዋሪውና መቺው ብቻ ነበሩ።

ቄሱ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። ያ ድምፁ ትዝ አለው። መልሶ ዘጋው።

ስሚዝ ተገርሞ አየው።

በዚህ መሀል ጸሐፊው ተነሣ። ጨዋታ እየተካሄደ ሜዳ የሚረግጥ የለም፤ እሱ ግን እየረገጠ በቀጥታ ወደ እነሱ መጣ። ለቄሱ ልጆቹ ከነፍራሻቸው ጋሪ ላይ ተጭነው ታዩት።

«ጌታዬ፣ እኔ...» አለ፣ ምላሱ ተሳስሮ።

ጸሐፊው ዞር ብሎም አላየው። አልፎት ሄዶ ስሚዝ ፊት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ብፁዕ አባቴ፣ የሊቀ ጳጳሱ ሰረገላ ደርሷል።»

ጳጳሱ ቄሱን አዩት፤ ዳኛውን አዩት፤ መምቻቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ ኳሱ እንደ ተያዘበት መቺ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከሜዳው ወጡ።